ቆዳው ከአጥንቱ የተጣበቀ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ይዛ ወደ ሳሎን መጣች።

«አባዬ፣ ‹ሃይድባውንድ› ምን ማለት ነው?»

ከሁለት ቃላት የተጣመረ ቅጽል ነው። እሷ «ሃይድ» የሚለውን ከድብብቆሽ ጨዋታ ስለምታውቀው፣ በእርሳስ «ተደብቆ የታሰረ» ብላ ሞክራለች። እኔ ሳቅኩ። «ሃይድ እኮ የከብት ቆዳም ነው። ባውንድ ደግሞ የተጠረዘ። በቆዳ የተጠረዘ መጽሐፍ ማለት ነው» አልኳት፤ በሙሉ ልብ።

«ምንባቡ ግን ስለ አንድ የቢሮ አለቃ ነው የሚያወራው።»

«ያልኩሽን ጻፊ!» ብዬ ወደ ቴሌቪዥኔ ዞርኩ።

ሁሉም ከተኛ በኋላ ግን አላስችል አለኝና መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ቆዳ መሆኑ ልክ ነው፤ መጽሐፉ ግን የለም። እንግሊዞች በ16ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ ቃል የሚገልጹት በረሃብ ወይም በሕመም ከስቶ ቆዳው ከጀርባውና ከጎድን አጥንቱ የተጣበቀ ከብትን ነበር። ቅርፊቱ ጠፍንጎት ማደግ ላቃተው ዛፍም ተጠቅመውበታል። ወደ ሰው ሲሻገር ደግሞ፣ የለመደውን ደንብ ሙጥኝ ብሎ አዲስ ሐሳብ አላስገባ የሚል ግትር ሰው መጠሪያ ሆነ። ዛሬ የሚነገረው በአብዛኛው በዚህ ትርጉሙ ነው።

በማግሥቱ ቡና ላይ ነገሩን ለእናቴ አነሳሁላት። ገጠር ከከብት ጋር ነው ያደገችው። «የደህና ከብት ቆዳ በእጅህ ስትይዘው ላላ ብሎ ይነሳልሃል። የከሳ ከሆነ ግን ከአጥንቱ አልላቀቅ ይላል» አለችኝ። እኔ ግማሽ ሌሊት የፈጀሁበትን እሷ ሲኒዋን ሳታስቀምጥ ጨረሰችው።

ልጄን ጠራኋት። «የትናንቱን ሰርዢው፤ ተሳስቼ ነበር።»

«መጀመሪያም አልጻፍኩትም፣ አባዬ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«‹ጻፊ› አልከኝ እንጂ መቼ ጠየቅከኝ?»

እናቴ አንገቷን ደፍታ ሳቀች። እኔም ሳይታወቀኝ የክንዴን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ያዝኩ፤ ይላላ እንደሆነ ለማየት።