ሞተሪኖ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ

የዛሬው ጽሑፌ ትንሽ ረዘም ይላል። መኪና ያላችሁም የሌላችሁም ታገሱኝ።

በኛ አካባቢ በብርድ ጠዋት፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ሁላችንም የምናውቀው ድምፅ አለ። ያረጀ የናፍጣ ሚኒባስ ስታርት ሲደረግ «እእ... እእ... እእ...» እያለ ያቃስታል። ረዳቱ ይወርድና «ኑ እስቲ አንዴ ግፉ!» ይላል። ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪም፣ ገበያ የሚሄድ ሰውም ይገፋል። በግፊ ይነሳና ጉዞ ይቀጥላል። ሲሰነብት ባለመኪናው አዲስ ባትሪ ይገዛል። እሱ ካልሠራ ሞተሪኖ ያስቀይራል። ሳምንት ሳይሞላ ያው ማቃሰት ተመልሶ ይመጣል።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። በዲፕሎማ ፊዚክስ ተምሬ ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ። የምለው ነገር አንድ ነው፤ ሳይለኩ ዕቃ መቀየር ይብቃን።

በመጀመሪያ፣ ናፍጣ መኪና ለምን ፈጥኖ መዞር አለበት? ቤንዚን መኪና ካንዴላው እሳት ይተፋለታል። የናፍጣ ሞተር ግን እሳቱን የሚያገኘው አየርን በመጭመቅ ነው። በቆዩት ሞተሮች አየሩ ወደ ሃያ እጥፍ ገደማ ይጨመቅና ከመጋሉ የተነሳ የሚረጨውን ናፍጣ ያቀጣጥላል። ቀስ ብሎ ከዞረ የተጨመቀው አየር በቀለበቶቹ ጎን ያመልጣል፣ ሙቀቱም ቀዝቃዛው ብረት ውስጥ ይቀራል። በዚያ ላይ የኛ አገር ከፍታ አለ። ሆሳዕና ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ቆላ ላይ የሚነሳ መኪና እዚህ ቢያንገራግር አይግረማችሁ።

አሁን ወደ ትልቁ ስሕተት ልምጣ። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፦ «መብራቱ ቦግ ብሎ ይበራል፣ ጥሩምባውም ይጮኻል፣ ስለዚህ ባትሪውና ገመዱ ደህና ነው። የሞተው ሞተሪኖው ነው።»

የድሮ ተማሪዎቼ፣ የ10ኛ ክፍሉን ቪ እኩል ይሆናል አይ ሲባዛ በአር አስታውሱ። የፊት መብራት 10 አምፔር ገደማ ይወስዳል። የናፍጣ መኪና ሞተሪኖ ግን 200 አምፔርና ከዚያም በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ባትሪው ላይ የሚታሰረው ሞርሴቶ ዝጎ 0.01 ኦም ብቻ ተቃውሞ ፈጠረ እንበል። መብራቱ ሲበራ የሚጠፋው 10 ሲባዛ በ0.01፣ ማለትም 0.1 ቮልት ነው። ማንም ዓይን አያየውም። ሞተሪኖው ሲዞር ግን 200 ሲባዛ በ0.01፣ 2 ሙሉ ቮልት ይጠፋል! እዚያች ዝገት ላይ 400 ዋት ሙቀት ይሆናል። ደጋግማችሁ ስታርት ካደረጋችሁ በኋላ ሞርሴቶው የሚግለው ለዚህ ነው። ለሞተሪኖው የሚደርሰው የተረፈው ነው። ጦሙን ያደረ ሰው ጆንያ ተሸከም እንደተባለ ቁጠሩት።

ሞርሴቶው ላልቶ በሚስማር የተወጠረ፣ ወፍራሙ ገመድ ተበጥሶ በቀጭን ሽቦ የተቀጠለ፣ ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ማሳ ቀለምና ጭቃ ላይ የታሰረ ስንት መኪና አለ? በነዚህ ላይ አዲስ ሞተሪኖ ብትገጥሙ ምን ይፈይዳል?

ታዲያ ምን እናድርግ? አንድ ተራ ቴስተር ይበቃል። መኪናው በዜሮ ማርሽ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ አንድ ሰው ቁልፍ ይዞ፣

1ኛ. መኪናው ካደረ በኋላ ባትሪውን ለኩ። 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ወደ ግማሽ ወርዷል። መጀመሪያ ቻርጅ ይደረግ፣ ፍርዱ ከዚያ በኋላ ነው። (ሁለት ባትሪ ተያይዞ በ24 ቮልት የሚሠራ አይሱዙ ከሆነ እጥፍ አድርጋችሁ አስቡ።)

2ኛ. ስታርት እየተደረገ የባትሪውን ሁለት እርሳስ ጫፎች ለኩ። ሞርሴቶውን ሳይሆን ራሱን እርሳሱን። ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየሳበ ነው። ከጎረቤት ደህና ባትሪ ተውሳችሁ ብትሞክሩ ይለይላችኋል። መዋስ በነፃ ነው።

3ኛ. ባትሪው ቮልቱን ይዞ እያለ ሞተሩ ካቃሰተ ሌባው መንገድ ላይ ነው። ስታርት እየተደረገ ከባትሪው ኔጌቲቭ እርሳስ እስከ ሞተሩ ብረት ለኩ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ታሟል። ከፖዘቲቭ እርሳስ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ከ0.5 ቮልት በላይ ከሆነም በዚያ በኩል ያለውን ገመድና ማሰሪያ ፈትሹ። መፍታት፣ በአሸዋ ወረቀት ማጽዳት፣ አጥብቆ ማሰር። ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቅደም፣ ሲታሰር ኔጌቲቩ ይከተል።

4ኛ. ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ካቃሰተ ያኔ ሞተሪኖው ይውረድ። ሲወርድም ቶሎ አትጣሉት። ብዙ ጊዜ ካርቦኑ አልቆ ወይም ቡሹ ተበልቶ ነው፣ ሁለቱም ይቀየራሉ። «ጭሱን ይቀንሳል» ተብሎ ወፍራም ዘይት ተሞልቶ እንደሆነም ጠይቁ። በብርድ ጠዋት እንደ ማር የሚጎተት ዘይት ጤነኛ ሞተሪኖንም ያደክማል።

ከ10 ሴኮንድ በላይ ቁልፍ ጠምዝዛችሁ አትያዙ፣ ሞተሪኖው ይቃጠላል። ፈጥኖ እየዞረ የማይነሳ መኪና ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፤ የናፍጣ መስመሩንና የማሞቂያ ካንዴላዎቹን ተመልከቱ።

«መካኒኮቹ ሌባ ናቸው» የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። አልስማማም። ለዕቃ በሺዎች ቆጥሮ የሚከፍል ሰው፣ አንድ ልጅ ግማሽ ሰዓት ለክቶ «ዕቃ አያስፈልግም፣ ማሳውን አጽድቼዋለሁ» ሲለው «ታዲያ ምን ሠራህና ነው የምከፍልህ?» ይላል። ለብረት እንከፍላለን፣ ለዕውቀት ግን እጃችን ያጥራል። እንዲህ እያደረግን መካኒኩ ዕቃ መቀየርን ቢመርጥ ማን ነው ያስተማረው? ለምርመራ እንክፈል። የሚለካ መካኒክ ይኑረን።

ጉዳዩ ደግሞ ቀላል አይደለም። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ማስገባት ከባድ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ ዛሬ መንገዳችን ላይ ያለው አሮጌ ናፍጣ መኪና ገና ብዙ ዓመት አብሮን ይኖራል። ስንቱ መኪና ደግሞ ደቡብ አፍሪካ የሄደ ወንድም ሱቅ ውስጥ እየሠራ፣ ሕይወቱን አስይዞ በላከው ገንዘብ የተገዛ ነው። ያ ገንዘብ በግምት ሲባክን ያማል።

ግፊውም ቢሆን ጨዋታ አይደለም። ሞተሩ ካልሠራ የፍሬን ማገዣው የለም፣ መሪውም ይከብዳል። ቁልቁለት ላይ የሚገፋ መኪና ፊት ሕፃን ቢገባ ምን ይደረጋል? ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ከጃጁራ ሆሳዕና ሆስፒታል መድረስ ሲኖርባት የሚገፋ ሰውስ ከየት ይመጣል?

ጋራዥ የገባችሁ ልጆቼ፣ ክፍል ውስጥ «ቲቸር፣ ይሄ ኦም ምን ያደርግልናል?» ትሉኝ የነበራችሁ፣ መልሱ እጃችሁ ላይ ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ከመፍቻው ጎን ቴስተር ይኑር። ለባለመኪናውም ቁጥሩን አሳዩት፤ ቁጥር ካየ ይከፍላል።

ሥራው ላይ ያላችሁ የጨመራችሁት ወይም ያረማችሁት ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ ሁላችንም እንማር። ሹፌር ወዳጅ ያላችሁ ደግሞ አድርሱለት።

መልካም መንገድ!