እሑድ የማን ነው?

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከስፔን ድንበር ብዙም በማትርቀው ባዮን በምትባል ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ፓስፖርቴ የአሜሪካ ነው፤ እስከ አራተኛ ክፍል የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ያደግኩት ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ነው። ፈረንሳይ በየዓመቱ ወጣት አሜሪካውያንን በረዳት አስተማሪነት ትቀጥራለች። ሥራው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በሳምንት 12 ሰዓት ክፍል መግባት ነው። ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ እምብዛም አያልፍም። እንዲህም ሆኖ በዕድሜዬ እንደ ዘንድሮ ወጥቼ፣ ተንሸራሽሬ፣ ከሰው ጋር ረጅም ምሳ በልቼ አላውቅም። ምክንያቱን ሳወጣና ሳወርድ ከርሜ የደረስኩበት ነገር ቢኖር ዕረፍት ከገንዘብ በፊት የሕግ ጉዳይ መሆኑን ነው። ወላጆቼ አሜሪካ ውስጥ የጎደላቸው ገንዘብ ብቻ መስሎኝ ነበር ያደግኩት፤ የጎደላቸው ሕጉም ጭምር ነው።

ባዮን ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት በኒቭ ወንዝ ዳር ያለው ገበያ ይደራል። እሑድ ጠዋት ዳቦ ቤቶች ይከፈታሉ፣ ሰዉ ዳቦውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ ከተማው ጭር ይላል። ሌሊትና ቀን ክፍት የሆነ ሱፐርማርኬት ለለመደ ሰው ይህ በእርግጥ ያስቸግራል፤ ወተት ካለቀ እስከ ሰኞ መታገሥ ነው። ሕዝቡ ግን ቤቱ አልተኛም። አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ወንዙን ተከትለው ይሄዳሉ። ባስክ በሚባለው በዚህ አካባቢ በየመንደሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን አንድ ረጅም ግድግዳ አለ፤ ወጣቶች ኳስ በባዶ እጃቸው እየመቱ ግድግዳው ላይ የሚያነጥሩበት ፔሎታ የሚባለው ጨዋታ ሜዳ ነው። ለመመልከት የሚከፈል ነገር የለም፣ ደረጃው ላይ መቀመጥ ነው።

አንድ እሑድ የትምህርት ቤታችን የታሪክ መምህርትና ባለቤቷ ላ ሩን ወደሚባለው ተራራ ይዘውኝ ወጡ። ቁመቱ 905 ሜትር ነው፤ ጫፉ ላይ ፈረንሳይና ስፔን ይዋሰናሉ። ከ1924 ጀምሮ (ቀኑንም ዓመተ ምሕረቱንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሽቅብ የሚወጣ ትንሽ ባቡር አለው፤ እኛ ግን በእግር ሄድን። መንገዱ ላይ ፖቶክ የሚባሉት አጫጭር የባስክ ፈረሶች ሰው ሳይፈሩ ሣር ይግጣሉ። ላይ ስንደርስ ምሳ ተዘረጋ፤ ዳቦ፣ የበግ ወተት አይብና አብሮት የሚበላ የጥቁር ቼሪ ማርማላታ። የመምህርቷ ባለቤት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። እሑድ ቀን አለቃው ቢደውልለት ምን እንደሚያደርግ ጠየቅኩት። ጥያቄዬ ወዲያው አልገባውም። ሲገባው «እሑድ ለምን ይደውላል?» አለኝ፤ ከልቡ ነበር።

ያን ዕለት ማታ አባቴ ደወለ። አየር ማረፊያ ታክሲ ይሠራል፤ እሑድ መንገደኛው የሚመለስበት ቀን ስለሆነ ከሁሉም የሚሻለው የገቢ ቀኑ ነው። «ልጄ፣ ዛሬም ሥራ የለሽም?» አለኝ። ተራራ ወጥቼ እንደመጣሁ ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆይቶ «ጥሩ ነው፣ አንቺ እንኳ አየሽው» አለኝ። እማዬ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። እሑድ ቅዳሴ ትገባለች፤ ሺፍቷ ሲደርስ ግን «እትዉ በሰላም» ሳይባል ነጠላዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ በጎን በር ትወጣለች። ልጅ ሆኜ አብሬያት እወጣ ነበር። መኪና ውስጥ የሥራ ልብሷን ስትለብስ ፊቷን ያየሁት ከውስጤ አልወጣም። ሀገሯ ሰንበትን ማክበር ተምራ ያደገች ሴት ናት።

እዚህ ላይ የሚገርመኝ ነገር አለ። እሑድን በሕግ ያስከበረችው ፈረንሳይ በ1905 ቤተ ክርስቲያንን ከመንግሥት የለየች ሀገር ናት። በቀጣዩ ዓመት፣ መጋቢት 1906፣ በሰሜን ፈረንሳይ ኩሪዬር በተባለው የከሰል ማዕድን በደረሰ ፍንዳታ 1,099 ሰዎች አለቁ፤ ሕፃናት ሠራተኞችም ነበሩባቸው። ሐዘኑ ወደ ሥራ ማቆም አድማ ተለወጠ። ሐምሌ 13 ቀን 1906 ለሠራተኛው በሳምንት 24 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት፣ ያውም በእሑድ ቀን፣ የሚሰጠው ሕግ ወጣ። በ1936 ደግሞ ፋብሪካ የያዙ ሠራተኞች አድማና የሌዮን ብሉም መንግሥት ተገናኝተው ደመወዝ የሚከፈልበት የሁለት ሳምንት ዓመት ፈቃድ አስገኙ። ሌዎ ላግራንዥ የተባለው የስፖርትና የመዝናኛ ኃላፊ በበኩሉ ለሠራተኛ ቤተሰብ 40 በመቶ ቅናሽ ያለው የባቡር ትኬት አመጣ። ከባዮን በአውቶቡስ የምደርስባት ቢያሪትዝ ያኔ የመኳንንት ባሕር ዳርቻ ነበረች፤ ንጉሠ ነገሥት ሦስተኛው ናፖሊዮን ለሚስቱ ለኤውጄኒ ያሠራው ቤት በነበረበት ቦታ ዛሬ ቅንጡ ሆቴል ቆሟል። ከ1936 በኋላ ባሕር አይተው የማያውቁ የፋብሪካ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ባሕር መጡ። ፈቃዱ በ1956 ሦስት፣ በ1969 አራት፣ በ1982 አምስት ሳምንት ሆነ። ተራራ የወጣንበት እሑድ በሕዝብ ትግልና ሞት የተገኘ ነው ስል ይህን ማለቴ ነው።

አሜሪካስ? በ1938 የወጣው የፌዴራሉ የሥራ ሕግ አነስተኛ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያን ደነገገ፤ ዓመት ፈቃድ ግን ቀጣሪው ከፈለገ የሚሰጠው ነገር ሆኖ ቀረ፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። ቨርጂኒያ ደግሞ የራሷ ታሪክ አላት። በ2004 የግዛቲቱ ምክር ቤት ጊዜ ያለፈባቸውን የእሑድ ሕጎች ሲሰርዝ ሳያስበው ቀጣሪዎችን ከሰንበት ዕረፍት ግዴታ ነፃ ያደረጉትን ድንጋጌዎች አብሮ ሰረዘ። በዚህ የተነሳ ማንኛውም ሠራተኛ እሑድን፣ ሰንበቱ ቅዳሜ ከሆነም ቅዳሜን፣ አልሠራም የማለት መብት በድንገት አገኘ። ቀጣሪዎች ተንጫጩ፤ ሕግ አውጪዎቹ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ለልዩ ስብሰባ ተጠርተው መብቱን መልሰው ወሰዱት። የፈረንሳይ ሠራተኛ መብት ያገኘበት ሐምሌ፣ የቨርጂኒያ ሠራተኛ ያገኘውን ሳያጣጥመው ያጣበት ሐምሌ ነው። ያንን ዜና ሳነብ እናቴን አሰብኩ።

ጊዜ ሲኖር ምን እንደሚገኝ አንድ ነገር ልናገር። ከባዮን በባቡር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሄንዳይ ይደረሳል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በላይ ባለ ገደል ላይ፣ አባዲያ የሚባል ግንብ አለ። ያሠራው አንትዋን ዳባዲ ነው፤ በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ኢትዮጵያን ሲዞር የኖረ፣ ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍት ሰብስቦ የተመለሰ፣ በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመ ሰው። ግንቡን የነደፈው የፓሪሱን ኖትር ዳም ያደሰው ቪዮሌ ለ ዱክ ነው። ይህን ሁሉ መጽሐፍ ላይ ማንበብ ይቻላል። ውስጡ መቆም ግን ሌላ ነው። ግድግዳው ላይ የኢትዮጵያ ኑሮ ተሥሏል፤ በውስጡም የእኛ ፊደል አለ። መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ የየወንበሩ ጀርባ አንዳንድ ፊደል ይዟል፤ ወንበሮቹ በተራ ሲቆሙ አንድ ዐረፍተ ነገር ይወጣቸዋል። እግዚአብሔር በዚህ ማዕድ ዙሪያ ከዳተኛ እንዳይኖር እንዲያደርግ የሚለምን ጸሎት ነው። አስጎብኚያችን በፈረንሳይኛ ስታብራራ እኔ ከወንበር ወንበር እያየሁ ፊደሎቹን በለሆሳስ አነብ ነበር። አዲስ አበባ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የተማርኳቸው ፊደሎች ናቸው። አንዲት አሮጊት ጎብኚ ሰምተውኝ ጠጋ አሉና እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ አነበብኩላቸው። ከዚያ ወጥተን በገደሉ ጫፍ ለሕዝብ ክፍት በሆነው ሣራማ መሬት ላይ ባሕሩን እያየን ተጓዝን። እዚያ ለመንሸራሸር ማንም ትኬት አይጠየቅም።

ዳባዲ ዐሥር ዓመት ያህል ሀገራችን የቆየው ሀብት ስለነበረው ነው፤ የሚጠብቀው ቀጣሪ አልነበረም። እኔ ሀብት የለኝም፤ ሄንዳይ የወሰደኝ ሕግ ያስከበረልኝ ጊዜና ርካሽ ባቡር ነው። እማዬ ደግሞ እነዚያን ግድግዳዎች ከእኔ በተሻለ ታነባቸው ነበር፤ ዳዊት የደገመች ናት። አያቴ አዲስ አበባ ሲያርፉ የተሰጣት አንድ ሳምንት ነበር፣ ያለ ደመወዝ። ግማሹ በመንገድ አለቀ። ሐዘን ለመቀመጥ እንኳ ጊዜ የሚለመንበት ኑሮ ልክ አይደለም፤ ይህን በግልጽ መናገር አለብን።

«ሠርተን ነው ያለፈልን» የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። የወላጆቼ ደብል ሺፍት ነው የእኔን ዩኒቨርሲቲ የከፈለው፣ የአጎቶቼን ልጆች ያስተማረው፣ አዲስ አበባ ያለውን ቤት ያቆመው። ለሥራው ክብር አለኝ። የምቃወመው ምርጫ ማጣቱን ነው። ዕረፍት ቢኖር አባቴ እሑድ ታክሲውን ሊያወጣ ይችል ይሆናል፤ እንቢ ቢል ግን የወሩን ክፍያ አያጣም ነበር።

ፈረንሳይም ገነት አይደለችም፤ የዕረፍቷ ማዕድ ለሁሉም አልተዘረጋም። ሌላው ሲያርፍ እሑድ ማታ በብስክሌት ምግብ የሚያመላልሱት ወጣቶች አብዛኞቹ ስደተኞች ናቸው። ከሄንዳይ ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ፍተሻ ነበር። ሰማያዊውን ፓስፖርቴን አሳየሁና ታለፍኩ፤ ከእኔ ኋላ የተቀመጡት ሁለት ጥቁር ወንዶች ግን እንዲወርዱ ተደረጉ። ድንበሩ ላይ ያለው የቢዳሶዋ ወንዝ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለመሻገር የሞከሩ አፍሪካውያን ሰጥመውበታል። የባዮን ከተማ ደግሞ በ2018 ለእነዚህ መንገደኞች ማረፊያ ከፍታለች፤ ይህም መነገር አለበት። ሽርሽር ወረቀት ላለው ብቻ የሚሆንበት ሀገር ገና ብዙ ይቀረዋል። ሕጉ ራሱም ይሸረሸራል፤ በ2015 ከንቲባዎች ሱቆች በዓመት እስከ 12 እሑድ እንዲከፈቱ መፍቀድ እንዲችሉ ተደረገ። በ2025 ደግሞ የፍራንሷ ባይሩ መንግሥት ሁለት በዓላትን የሥራ ቀን ለማድረግ ሐሳብ አቀረበ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ መንግሥቱ ወደቀ፤ ሐሳቡም ተተወ። የመምህራን ክፍላችን ውስጥ ያንን ጉዳይ ያላነሳ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሚናገረው የራሱን ንብረት ሊወስዱበት እንደመጡበት ሰው ነበር።

ይህ ስሜት እኛ ዘንድ እንዲኖር እፈልጋለሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ እንኳ የሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011 (ይህኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይደነግጋል፤ አተገባበሩ ሌላ ጉዳይ ቢሆንም መብቱ ተጽፏል። አሌክሳንድሪያ ያሉት ወገኖቼ በዚህ ረገድ ጥለውት ከመጡት ሀገር ያነሰ የተጻፈ መብት ነው ያላቸው።

አቅም የለንም አንበል። በ2021 የቨርጂኒያ ገዢ ምርጫ ወቅት በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ፖሊሲ የተቆጡ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን ተሰባስበው፣ በየቤቱ ደውለው፣ የለመዱትን ፓርቲ እስከ መተው ደርሰዋል። ዕጩዎች የእኛን ድምፅ ፈልገው ሲመጡ አይተናል። የሚቀጥለው ዕጩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ወይም ወደ መስጊዱ ሲመጣ ስለ ሀገር ቤት ከሚቀርብለት ጥያቄ ጋር ይህም ይጠየቅ፦ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ የሚሰጥ ሕግ ትደግፋለህ ወይስ አትደግፍም? ኔቫዳና ሜይን ሠራተኛው ለፈለገው ጉዳይ የሚወስደውን ፈቃድ በሕግ አስገብተዋል፤ ኢሊኖይም ከ2024 መግቢያ ጀምሮ ለሠራተኛው በዓመት እስከ 40 ሰዓት ይሰጣል። ከፈረንሳይ አምስት ሳምንት ጋር ሲተያይ በጣም ትንሽ ነው። እማዬን ግን ስልክ ላይ ጠይቄያታለሁ፤ 40 ሰዓት ማለት አምስት የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ እንጀምር ብላኛለች።