ችግኙ ተቆጠረ፤ ውሃውስ?

ዘንድሮም ክረምቱ ሲገባ ያው ዲስኩር ከመድረክ ተደገመ፦ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለው መስክ ባዶ ነው፤ ችግኝ ይልበስ፤ ያን ጊዜ የደረቁት ምንጮች ይመለሳሉ። ተጨበጨበ። ተናጋሪውም ጉሮሯቸውን በታሸገ ውሃ አርሰው ተቀመጡ። ችግኙ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ምንጩም በየት በኩል እንደሚመለስ የጠየቀ አልነበረም።

እኔ ልጠይቅ። ደብረ ብርሃን በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ከግማሽ የሚበልጠው በሐምሌና በነሐሴ ወርዶ ያበቃል። በአብዛኞቹ ቀሪ ወራት ፀሐይና ነፋስ ከመሬት የሚወስዱት ዝናቡ ከሚሰጠው ይበልጣል። ስለዚህ ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርገው ውሃ በዋናነት የእነዚህ ሁለት ወራት ትርፍ ነው። ታዲያ ትርፉን ቀድሞ የሚወስደው ማን ነው?

የመስኩ ሣር ሥሩ አጭር ነው። ኅዳር ሲገባ ይደርቃል፤ መጠጣቱንም ይተዋል። ከሥሩ በታች ያለው እርጥበት ሳይነካ ይቆያል። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ስትሄዱ ግራ ቀኝ የምታዩት ባሕር ዛፍ ግን በጋውን ሁሉ አረንጓዴ ነው። ያ ልምላሜ በጥር ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከጥልቅ እየሳበ እስከ ግንቦት ይዘልቃል። ክረምት ሲመጣ ዝናቡ አስቀድሞ ያንን የተመጠጠ አፈር መሙላት አለበት። በአራጣ የተበደረ ገበሬ እህሉ ከአውድማ በቀጥታ ወደ አበዳሪው ጎተራ እንደሚጋዝ ማለት ነው። ለምንጩ የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው፤ እሱም ካለ።

ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ከዓለም ዙሪያ የ26 ተፋሰሶችን መረጃ ሰብስቦ ነበር። ሣር በነበረ መሬት ላይ ባሕር ዛፍ ሲተከል ወደ ወንዝ የሚወርደው ውሃ በአማካይ በ75 በመቶ፣ ፓይን ሲተከል በ40 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 ውሃዋን ለማስመለስ መጤ ዛፎችን የሚያስነቅል መንግሥታዊ ፕሮግራም ጀመረች። እነሱ ነቅለው የሚፈልጉትን ውሃ እኛ ተክለን እናመጣዋለን። ተአምር ነው!

«ዛፍ ጠል» የሚለኝ አይጠፋም። የወፍ ዋሻ ደን ጥድና ዝግባ አይነካብኝ፤ ገደሉን የያዘው እሱ ነው። ገበሬውንም አልወቅስም። ገብሱን ውርጭ ሲመታበት አጣናው ገበያ ያወጣለታል። እሱ የተከለው ለገንዘብ ነው፤ ምንጭ አፈልቃለሁ ብሎ ማይክ አልጨበጠም። የጨበጡት ሌሎች ናቸው፤ ሪፖርታቸውም የችግኝ ቁጥር እንጂ የውሃ ቁጥር የለውም።

መለካት አናውቅም እንዳይባል፣ እዚያው ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንዲት ጥድ በምትባል ቦታ ዝናቡንና ጎርፉን መመዝገብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ሣር መጠበቅ አናውቅም እንዳይባል ደግሞ መንዝ አለ። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ምድር ቄሮ በተባለ ነባር ሥርዓት ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ለዓመታት እየዘጋ፣ ጊዜው ሲደርስ ከፍቶ እያጨደ አቆይቶታል። ከዚያ ሣር ሥር የሚነሱት ጅረቶች ወደ ዓባይም ወደ አዋሽም ይወርዳሉ። ያን ሁሉ ዘመን መሬቱን ባዶ ነው ያለ ሽማግሌ አልተገኘም። ለዚህ የዘመኑ ባለሙያ አስፈለገ።

የመጪውን ክረምት ሪፖርት ለምታዘጋጁ፦ ከችግኙ ቁጥር አጠገብ የአካባቢው ጉድጓድ ውሃ በጥቅምት ስንት ሜትር ላይ እንደነበረ፣ በመጋቢት ስንት ሜትር ላይ እንደወረደ ጻፉልን። እሱ እስኪጻፍ ድረስ መስኩን ለሣሩ ተዉለት።