ፍጻሜው ገና ያልታየ የሥዕል ታሪክ

ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ ከራት በኋላ፥ ከቤታችን ልጆች ታላቂቱ የሥዕል መጽሐፏን አንብባ ስትጨርስ ከፍና በጕልበቷ ላይ አኖረችና «ይህን ታሪክ የሚጽፈው ሰው ሳይጨርሰው ቢሞትስ?» ብላ ጠየቀችን። መልስ ይሆናል ያልነውን ቃል ጀምረን ተውነው። ጥያቄው የልጅ ቢመስልም ነገሩ በእውነት የሆነ ስለ ሆነ፥ በዛሬው ገጻችን ስለዚሁ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

ኮሚክ የሚባለው በሥዕል የሚነገር ታሪክ ለአገራችን ሰው በጠባዩ እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል ከፍለው፥ ከየሥዕሉም በታች ቃሉን ጽፈው በሸራ ላይ የሚሥሉ ሠዓሊዎች ነበሩን፤ አሉንም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የሳባ ሥዕል በግድግዳ ላይ ሲሰቀል መጀመሪያውም መጨረሻውም ባንድነት ይታያል። ኮሚክ ግን በየሳምንቱ ወይም በየወሩ አንዳንድ ቍጥር እየታተመ ስለሚሸጥ፥ አንባቢው መጨረሻውን ሳያይ ይኖራል። ይልቁንም ስለሚመጣው ዘመንና ስለ ሌሎች ዓለማት፥ ስለ ምትሐትና ስለ ጭራቅ የሚነገሩት ታሪኮች፥ ዓለሙን ራሱን ከመሠረቱ መፍጠር ስላለባቸው ከሌሎቹ ይልቅ ይረዝማሉ።

ከእነዚህ መካከል ስለ ቤተ ሰብ የሚናገር አንድ አለ፤ ስሙ «ሳጋ» ይባላል። ቃሉን የጻፈው አሜሪካዊው ብራያን ኬ ቮን፥ ሥዕሉን የሣለችው የካናዳዋ ፊዮና ስቴፕልስ ናት፤ የመጀመሪያው ቍጥር የወጣው በመጋቢት 2012 ነው። ክንፍ ያላቸው የአንድ ዓለም ሰዎችና ቀንድ ያላቸው የጨረቃዋ ሰዎች ዘመን በማይቈጠርለት ጦርነት ይዋጋሉ። አላና የምትባል ባለ ክንፍ ወታደርና ማርኮ የሚባል ባለ ቀንድ እስረኛ ተፋቅረው ሄዘል የምትባል ልጅ ይወልዳሉ፤ ሁለቱም ወገኖች ያሳድዷቸዋል። ታሪኩን የምትተርከው ራስዋ ሄዘል አድጋ ነው። የእርስዋን ትረካ ስቴፕልስ በገዛ እጅ ጽሕፈቷ በሥዕሉ ላይ ታሰፍረዋለች፤ ስለዚህ የሚያነብ ሰው ከልጅቱ የተላከለትን ደብዳቤ የሚያነብ ይመስለዋል። የቤተ ሰብ ታሪክ ነው ማለታችን ግን ለልጆች የሚሰጥ ነው ማለታችን አይደለም። ነውር የሆነና ደም የበዛበት ሥዕል በውስጡ ስላለ፥ ወላጆች ቈልፈው ቢያስቀምጡት ይሻላል።

በሐምሌ 2018 የወጣው 54ኛው ቍጥር በማርኮ ሞት ተፈጸመ። ደራሲዎቹም ከዚህ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት እናርፋለን አሉ። ያ አንድ ዓመት ሦስት ዓመት ተኩል ሆነ። 55ኛው ቍጥር በጥር 2022 ሲወጣ፥ በታሪኩም ውስጥ ሦስት ዓመት አልፎ፥ አላና መበለት ሆና፥ ሄዘልም አሥር ዓመት ሞልቷት ተገኘች። እኛ ይህን ቍጥር ባነበብን ጊዜ ያገኘን ስሜት እንዲህ ያለ ነበር፤ ዘመድ የሞተባቸውን ሰዎች ለቅሶ ሳንደርስ ቀርተን፥ ከዓመታት በኋላ በራቸውን ያንኳኳን መሰለን። መጽሐፉን ተጠርዞ ካለቀ በኋላ ባንድ ጊዜ የሚያነብ ሰው ይህን አያገኘውም፤ ለእርሱ በ54ና በ55 መካከል ያለው አንድ ገጽ መግለጥ ብቻ ነውና። ቮን ታሪኩ በጠቅላላው 108 ቍጥር ይሆናል ብሏል፤ 54ኛው ልክ ግማሹ ነበር ማለት ነው።

አንድ ባልንጀራችን፥ በመሥሪያ ቤቱ ቍም ነገረኛነቱ የታወቀ ሰው፥ «ያላለቀ ታሪክ አልጀምርም፤ ያለቀ ቀን ንገሩኝ» ይለናል። አስተያየቱ ከጥበብ የራቀ አይደለም። ነገር ግን ይኸው ሰው በየማለዳው ጋዜጣ ሳያነብ ቡና አይጠጣም፤ የዓለም ወሬም አልቆ አያውቅም።

በእንግሊዝ አገር ከየካቲት 1977 ጀምሮ በየሳምንቱ የሚታተመው መጽሔት ነገርማ ከዚህም የሚያስቅ ነው። በዚያን ጊዜ 2000 ዓመት እጅግ ሩቅ መስሎ ስለ ታያቸው መጽሔቱን «2000 ኤ ዲ» ብለው ሰየሙት። ዓመቱ መጣ፥ ዐለፈም፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልተለወጠም። በሁለተኛው ቍጥር የገባው ዳኛ ድሬድ የሚባለው ሰው፥ ዘመኑ ከእኛ 122 ዓመት ይቀድማል፤ በእኛ ዘንድ አንድ ዓመት ሲያልፍ በእርሱም ዘንድ አንድ ዓመት ስለሚያልፍ ከአንባቢዎቹ ጋር ያረጃል። በልጅነታቸው የጀመሩት እንግሊዞች ዛሬ ሽበታቸውን ከእርሱ ሽበት ጋር ያስተያያሉ። ሥዕሉን መጀመሪያ የፈጠረው እስፓኛዊው ካርሎስ እስኬራ ግን በ2018 ዐርፏል፤ ድሬድም በሌሎች እጅ እየተሣለ ይኖራል።

ልጃችን የምታነበው የጃፓኑን «ዋን ፒስ» ነው። ይህን የባሕር ወንበዴዎች ታሪክ ኤይቺሮ ኦዳ በሐምሌ 1997 በ22 ዓመቱ «ሾነን ጃምፕ» በሚባለው ሳምንታዊ መጽሔት ጀመረው፤ ያን ጊዜ በአምስት ዓመት የሚጨርሰው መስሎት ነበር። ይኸው መጽሐፉ ከመቶ ቅጽ አልፏል፤ በ2022 የታተመው ቅጅ ሁሉ 500 ሚሊዮን ደርሷል ተብሎ ተነግሯል። የጃፓን መጽሐፍ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ፥ መጀመሪያ ቤታችን የገባ ቀን እኛ ከፍጻሜው ጀምረን ስናነብ ልጅቱ ሳቀችብን። በ2023 ኦዳ ዓይኑን ሊታከም አራት ሳምንት ሥራውን ባቆመ ጊዜ፥ በቤታችን የዘመድ ሕመም ያህል ሲወራ ሰነበተ። አንድ ሰው በየሳምንቱ ከሃያ ያላነሰ ዓመት እንዲህ ሲሠራ፥ አንባቢው በሩብ ሰዓት የሚጨርሰው ገጽ በሌላው ሰው ዓይንና ጀርባ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ ማሰብ ይገባል።

የልጃችን ጥያቄ የሚነካው ግን «በርሰርክ» የሚባለውን ነው። ኬንታሮ ሚዩራ ይህን በ1989 ጀመረ። ጋትስ የሚባል ሰው ከቁመቱ የማያንስ ሰይፍ ተሸክሞ፥ በየሌሊቱ ከአጋንንት ጋር እየተዋጋ፥ ጓደኞቹን ለመሥዋዕት አሳልፎ የሰጠውን የቀድሞ አለቃውን የሚፈልግበት የጨለማ ታሪክ ነው። ሥዕሉ እጅግ የደቀቀ ስለ ነበረ ሥራው ከጊዜ ወደ ጊዜ እየዘገየ ሄደ። ሚዩራ በግንቦት 2021 የልቡ ታላቅ የደም ሥር ተሰንጥቆ ባለበት ዐረፈ። በዓለም ዙሪያ ከሠላሳ ዓመት በላይ የጠበቁት አንባቢዎች ፍጻሜው ከእርሱ ጋር የተቀበረ መሰላቸው።

ነገር ግን ኮጂ ሞሪ የሚባል ከትምህርት ቤት ጀምሮ የነበረው ጓደኛ ነበረው፤ እርሱም የሥዕል ታሪክ ጸሓፊ ነው። ሚዩራ ሠላሳ ዓመት ያህል አስቀድሞ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ለዚህ ወዳጁ ነግሮት ኖሯል። ከሰኔ 2022 ጀምሮ የሚዩራ ደቀ መዛሙርት እየሣሉ፥ ሞሪ እየተቈጣጠረ ታሪኩ ቀጠለ። ሞሪ ሲጀምር የገባው ቃል፥ ጓደኛው የነገረውን ብቻ እንደሚጽፍ፥ ከራሱ ምንም እንደማይጨምር ነበር። አዲሶቹን ምዕራፎች አንብበናል። የጥንቱን እጅ የሚያውቅ ዓይን ልዩነቱን ያያል፤ የሚዩራ ሥዕል ዝም ባለበት ስፍራ እንኳ ይከብድ ነበርና። ቢሆንም የሟችን ቃል ተቀብሎ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለማድረስ የሚደክም ሰው ስናነብ፥ ስለ ሥዕሉ ጕድለት መናገር አፋችንን ይከብደዋል።

ይህን የሁለቱን ጓደኞች ነገር በማግሥቱ ማታ ለልጃችን ነገርናት። ጸጥ ብላ ሰማችና «ኦዳ መቼ ነው የተወለደው?» አለች። በ1975 አልናት። በጣቷ ቈጥራ «እንግዲያስ ገና ነው፤ ይጨርሰዋል» ብላ ልትተኛ ሄደች። ሚዩራ የሞተው በ54 ዓመቱ መሆኑን አልነገርናትም።