ማሳሰቢያ፦ በብብትና በብሽሽት ብጉንጅ ለሚመላለስባችሁ እህቶች

በብብት፣ በብሽሽት ወይም ከጡት ሥር የሚያም እባጭ ወጥቶ፣ ፈርጦ፣ ጠባሳ ትቶ ከዳነ በኋላ እንደገና የሚመለስባችሁ እህቶች አስቀድማችሁ ይህን እወቁ። የንጽሕና ጉድለት አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ሃይድራዴናይቲስ ሰፑራቲቫ የሚባለው የቆዳ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ስሙ ቢከብድም ሐኪም ሊረዳችሁ የሚችልበት ሕመም ነው።

የሚወጣበት ቦታ ያለ ምክንያት አይደለም። በቆዳችን ላይ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የላብ ዕጢዎች አሉ። አብዛኞቹ ኤክሪን የሚባሉት ናቸው፤ መላ ሰውነትን ሸፍነው፣ በመዳፍና በውስጥ እግር በዝተው፣ ውሃማ ላብ እያወጡ ያቀዘቅዙናል። አፖክሪን የሚባሉት ግን በብብት፣ በብሽሽት፣ በብልትና በፊንጢጣ ዙሪያ እንዲሁም በጡት ጫፍ ዙሪያ ባለው ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ይገኛሉ። ሥራ የሚጀምሩት ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ነው። ወፈር ያለ ላባቸውን የሚያፈሱት ፀጉር በሚበቅልበት ቀዳዳ በኩል ነው። ላቡ ሲወጣ ሽታ የለውም፤ ጠረን የሚፈጥሩት ቆዳ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ሐኪም አሪስቲድ ቬርኖይ ሕመሙን ከላብ ዕጢ ጋር አያይዞት ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው ግን የሚጀምረው ያ የፀጉር ቀዳዳ ሲደፈንና ሲቆጣ ነው። ስለዚህ አጥብቆ መፋቅ መድኃኒት አይሆነውም፤ እንዲያውም ቆዳውን ያስቆጣዋል።

ሎሚ፣ ጨው፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ አልኮል አትቀቡበት። በጥፍርም ሆነ በመርፌ አታፍርጡት፤ ከቆዳ ሥር እየተሰራጨ ቦይ ሊያበጅ ይችላል። ቁስሉ እስኪድን በምላጭ አትላጩ። በየጊዜው ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥም ይቅር። ጠባብና ቆዳ የሚፍቅ ልብስ፣ ሲጋራ፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት ያባብሱታል፤ ብዙዎች ላይ ደግሞ የወር አበባ ሲቃረብ ይነሳል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ዝምታው ነው። በሌሎች አገሮች በተደረጉ ጥናቶች እንኳ ሕመሙ ትክክለኛ ስሙን እስኪያገኝ በአማካይ ከ7 ዓመት በላይ ይወስዳል። ገላዋን ለሰው ማሳየት የምታፍር የኛ ልጅማ ስንት ዓመት ትደብቀው ይሆን? እናቶች፣ «በደንብ ታጠቢ» ከማለታችሁ በፊት ቁስሉን እዩላት። በ6 ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ከተመለሰ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት፤ አዲስ አበባ አለርት፣ ደሴ አካባቢ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣሉ።

የማያም፣ ጠጠር ያለ፣ እያደገ የሚሄድ የብብት እብጠት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የጡት ካንሰር ወይም የቲቢ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ በተለይ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለበት፣ እስኪመለስ ሳትጠብቁ በዚያው ሳምንት ተመርመሩ።