የአባት ስም ሲለጠፍ

አንድ ሕፃን በተደፈረ ቁጥር የምትነሳ ሐሳብ አለች። ደፋሪዎች ይመዝገቡ፤ ስማቸውና ፎቷቸው በየሰፈሩ ይለጠፍ፤ ሕጉ ይጥበቅ! ንዴቱ ይገባኛል። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የባሕር ዳሯ የ7 ዓመት ልጅ ታሪክ ሲወጣ ፊርማቸውን ካኖሩት ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች አንዷ ነኝ። ግን ገዳይዋ ማን ነበር? አከራያቸው። እናትየው ሰውየውን ለማወቅ የተለጠፈ ፎቶ አላስፈለጋትም፤ በየቀኑ ታየው ነበር።

እስቲ ነገሩን ወደ ሰፈሬ ላምጣው። ያደግኩት እንጦጦ ሥር፣ ሽሮ ሜዳ ነው። ዛሬ ተራራው ላይ በ2013 የተከፈተው ፓርክ አለ፤ ቡና ይጠጣል፣ ፎቶ ይነሱበታል። እኔ ልጅ ሳለሁ የማውቀው እንጦጦ ግን ከቁመታቸው የሚረዝም ባሕር ዛፍ ተሸክመው፣ ጎብጠው የሚወርዱ ሴቶች ነበሩበት። ጎረቤታችን የነበሩ እንጨት ሻጭ እናት አንድ ቀን ለእናቴ ‹‹ጠባቂው እንጨቱን ብቻ ቢወስድብኝ ለማርያም ስለት አስገባ ነበር›› ሲሏት ሰማሁ። ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ያ ጠባቂ በየትኛው መዝገብ ይገባል? አልተከሰሰ፣ አልተፈረደበት!

መዝገብ የሚያውቀው የተፈረደበትን ብቻ ነው። ቅጣቱማ ቀላል አይደለም፤ በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 627 ከ13 ዓመት በታች ያለች ልጅ ለደፈረ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እሥራት አስቀምጧል። ግን ጉዳዩ ችሎት ሳይደርስ ሽማግሌ ይገባበታል። ‹‹ነውራችንን አደባባይ አናውጣ፣ ነገ ማን ያገባታል?›› ይባላል። አጎትየው ካሳ ይከፍላል፣ ልጅቷ ዝም ትላለች፤ በበዓል ቀን አብረው ዶሮ ይበላሉ።

ተፈረደበትም እንበል። ደፋሪው አባት ሲሆንስ? እኛ አገር የቤተሰብ ስም የለንም፤ የልጅቷ ሁለተኛ ስም የአባቷ ስም ነው። የሱን ስም በር ላይ ለጠፋችሁ ማለት የሷን ስም ግማሽ ለጠፋችሁ። ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ያያታል። ይህን ያሰበ ለጣፊ አላጋጠመኝም።

አሜሪካኖቹ በ1994 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት የምዝገባ ሕግ የተሰየመው ተጠልፎ በጠፋው በጃኮብ ዌተርሊንግ ነው። ለሕጉ የታገለችው እናቱ ፓቲ ዌተርሊንግ ግን ምዝገባው ከልክ አልፏል፣ በተለይ ታዳጊዎችን መመዝገቡ ልክ አይደለም ስትል በአደባባይ ተከራክራለች። ልጇን ያጣች እናት ናት እንግዲህ፤ ለደፋሪ ትራራለች የሚላት አይኖርም።

ስለዚህ መዝገብ አይኑር እያልኩ ነው? አይደለም። ይኑር፤ ግን ዝግ ይሁን። መምህር፣ የትምህርት ቤት ሾፌር፣ የሕፃናት ማሳደጊያ ሠራተኛ፣ ዘበኛ ሲቀጠር ቀጣሪው በግድ ይጠይቅ፤ ሳይጠይቅ የቀጠረም ይቀጣ። ለመለጠፊያ የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ጋንዲ ሆስፒታል እንዳለው ዓይነት፣ ሕክምናውንም ፖሊሱንም ዐቃቤ ሕጉንም አንድ ቦታ የያዘ ማዕከል በየክፍለ ከተማው ይክፈትበት። ያኔ ጎረቤታችን ባሏንም ቀበሌውንም ሳታስፈቅድ፣ እንጨቷን መንገድ ዳር አስቀምጣ ትገባ ነበር።