ሽጉጡ አጠረ፣ ጥይቱ ግን አልቀነሰም

መቀሌ ካፌ ቁጭ ስንል ወሬያችን ሽጉጥ ላይ መድረሱ አይቀርም። ሰሞኑን ደግሞ ግሎክ 19ኤክስ ሆኗል። የኦስትሪያው ኩባንያ በ2010 ዓ.ም. ያወጣው ይህ ሽጉጥ የትልቁን ግሎክ 17 እጀታ ከግሎክ 19 አጭር አፈሙዝ ጋር ያጋባ ነው። አፈሙዙ ከ114 ወደ 102 ሚሊ ሜትር ወረደ፤ እጀታው ግን ያው 17 ጥይት ጎራሽ ነው።

ታዲያ ምን ተቀየረ ጎበዝ? ከጃኬት ስር ጎላ ብሎ የሚያጋልጠው እጀታው ነው፤ እሱ ደግሞ አላጠረም።

በጥቅምት 2015 የተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ትጥቅ መፍታትን አስፍሯል። አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። እኛ ግን የጦርነቱ ሐዘን ሳይወጣልን ሽጉጥን እንደ ሞባይል እናማርጣለን። እባካችሁ፣ ስለ ርዝመቱ ሳይሆን ስለ ፈቃዱ እንጠያየቅ። ካፌው ውስጥ ጸብ የተነሳ ዕለት 12 ሚሊ ሜትር ማንንም አያተርፍም።